ጥርስ የሚታይበት ድስት

እማማ መስታወት አራተኛውን የኬክ መጋገሪያ በሁለት ጉልበታቸው መሃል አጣብቀው በሽቦ ይፈትጋሉ። ረፋድ ነው፤ ግቢው ጭር ብሏል። የልጅ ልጃቸው ደጃፉ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ተቀምጣ ማንኪያ ከክዳን ጋር ታጋጫለች። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ሽቦው ቆርቆሮውን በነካ ቁጥር የሚያወጣው ድምፅ ሌላውን ሰው ጥርሱን ያስነክሰዋል፤ ለእማማ መስታወት ጆሮ ግን ከዘፈን ይጥማል። ከመጋገሪያው የሚወርደው ውሃ እንደ ቀለም ጠቁሮ ወደ ቦዩ ይንቆረቆራል።

«ይቺ የልጄ ሚስት ምን ብታደርገው ነው እንዲህ እኩል የጠቆረው?» አሉ ለራሳቸው።

በዕድሜያቸው ያላዩት የጥቀርሻ ዓይነት የለም። ከታች የሚይዝ አለ፤ በጎን በጎን የሚይዝ አለ፤ እጀታው ሥር ተወሽቆ የሚያስቸግር አለ። እንዲህ ያለ ግን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ቦታ ሳይሳሳ፣ ቀለም ቀቢ ተጠንቅቆ የቀባው ይመስል የያዘ ጥቀርሻ አጋጥሟቸው አያውቅም። ቢሆንም እሳቸውን የሚያሸንፍ ጥቀርሻ ገና አልተፈጠረም። ሽቦውን ገለበጡና ቀጠሉ።

መስታወት እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ ጎረቤት ያወጣላቸው ነው። ድስታቸው ፊት ያሳያል። «እሳቸው ቤት ራት የተጠራች ሙሽራ ፀጉሯን በድስት ክዳን አይታ አበጥራ ወጣች» እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ እሳቸውም ቀልዱን ሲሰሙ የሚቆጡ መስለው ደስ ይላቸዋል። ይህንን ያስተማሯቸው አማታቸው ነበሩ። አማትየዋ የታጠበ ድስት ሲቀርብላቸው ወደ ፊታቸው አስጠግተው ከንፈራቸውን ገለጥ ያደርጉና፣ «ጥርሴ አልታየኝም፤ መልሺው» ይሉ ነበር። ወጣቷ ሙሽራ መልሳ ትፈትጋለች። ጥርስ እስኪታይ ድረስ። በኋላ እሳቸው በተራቸው ልጃቸውን ሲድሩ አንድ ነገር ለራሳቸው ቃል ገቡ፤ «የልጄን ሚስት አንድ ቀን 'መልሺው' አልላትም።» አላሏትም። ምራታቸው አጥባ የደረደረችውን ዕቃ ግን፣ ከቤት ስትወጣ ጠብቀው፣ ቀስ ብለው መልሰው ይፈትጉታል። ቃላቸውን የጠበቁ ይመስላቸዋል።

የግቢው በር ሲጢጥ አለ።

«እንዴ! በዚህ ሰዓት?»

«መብራት ጠፋ፤ ኬክ ቤቱን ዘግተው ላኩን» አለች ምራታቸው፣ ጫማዋን እያወለቀች። የምግብ ሥራ ኮሌጅ ገብታ ተምራለች፤ ኬክ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ባሏ ከባድ መኪና ነጂ ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ ቤቱ የሁለቱ ሴቶችና የሕፃኗ ነው። በቅርቡ ደግሞ ኦቨን ገዝታ ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ አቁማለች፤ ከሥራ መልስ እየጋገረች ለመሸጥ አስባለች።

«እንኳንም ጠፋ! ነይ እስቲ ወዲህ። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«እማማ፣ ደክሞኛል እኮ…»

«ጨፍኚ አልኩሽ እንጂ ተሸከሚ አልኩሽ?»

ሳቀች፤ ጨፈነች። እማማ መስታወት አራቱን መጋገሪያና ቀድመው የፈተጉትን አንድ መጥበሻ ፀሐይ ላይ በተርታ ደረደሩና ወደ ኋላ ፈንጠር ብለው ቆሙ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ግለጪ!»

ገለጠች። ፀሐይዋ ከአምስት ቦታ ተንጸባርቃ ፊቷ ላይ ወደቀችባት። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ሸርተት ብሎ መሬት ላይ ዘፍ ሲል አላነሳችውም።

«እማማ… መጋገሪያዎቼ የት አሉ?»

«እነዚህ ምንድን ናቸው ታዲያ? ቦግ ሲሉብሽ ጠፉሽ አይደል!»

«ጥቁሩስ?»

«ሄደ! ያውልሽ።» ወደ ቦዩ አመለከቱ። «ክንዴ እስኪዝል ነው የታገለኝ። እንዲህ ያለ ግትር ጥቀርሻ ዓይቼ አላውቅም።»

ምራታቸው ቁጢጥ ብላ አንዱን መጋገሪያ አነሳች። በጣቷ ውስጡን ዳሰሰችው። ሽቦው የሳለው መስመር ክብ ክብ እየሠራ ታችውን ሁሉ ሞልቶታል። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ጥፍር የምታህል ጥቁር ቀርታለች።

«ጥቀርሻ አይደለም» አለች፣ ድምፅዋ እየቀጠነ። «ሽፋኑ ነው። ሊጡ እንዳይጣበቅ ፋብሪካው የለበጠው ሽፋን ነው። የገዛሁት ለሱ ነው።»

«ምኑን?»

«ጥቁሩን።»

እማማ መስታወት መጀመሪያ የምትቀልድ መሰላቸው። ፊቷን አዩ፤ ቀልድ የለበትም።

«ጥቁር ነገር ለብጠው ይሸጣሉ?»

«አዎ።»

«አውቀው?»

«አውቀው፣ እማማ።»

«አፈር በበላሁ!» አሉና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሕፃኗ የማጋጨቱን ሥራ አቁማ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

ምራታቸው አልጮኸችም። ብትጮህ እማማ መስታወት መልስ ነበራቸው፤ የሚጮህ ሰው እንዴት እንደሚበርድ ከአማታቸው ቤት ጀምሮ ያውቁታል። እሷ ግን ዕቃዎቹን አንድ ላይ ደራርባ ወደ ውስጥ ይዛ ገባች። ጥቂት ቆይታ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ አይቀየሙኝ። ኦቨኑን ጓደኛዬ ቤት ባስቀምጠው ይሻላል። ትርፍ ክፍል አላት። ቀን ቀን ልጅቷንም ይዣት እሄዳለሁ።»

«ልጅቷን?»

«እዛው ምሳዋን እሰጣታለሁ።»

ይህን ስትል ወደ እሳቸው አላየችም።  ለእማማ መስታወት አንድ ቤት ሁለት የሚሆነው በጠብ ብቻ ይመስላቸው ነበር፤ በትህትናም እንደሚሆን ያን ጊዜ ገባቸው። ተነሥተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ይቅርታ የሚጠይቁበት አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ምግብ አሙቀው ማቅረብ።

«ጨረቃ»ን ምድጃው ላይ ጣዷት። ጨረቃ ድስት ናት። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ስም ያላት እሷ ብቻ ናት። ክብ፣ ነጭ፣ ያለ እንከን የምታበራ። ልጃቸውን ያሳደጉባት፣ ሠርጉን የደገሱባት፣ ለቅሶ ቤት ምግብ የላኩባት ናት። ውስጧ ከትናንት የተረፈ የቲማቲም ሱጎ አለ። ጋዙን ሲለኩሱት እሳቱ ሽሽ… አለ፤ ከዚያ ጠስ፣ ጠስ።

«ምንድን ነው የሚያሾከሹከው?» አለች ምራታቸው ከኋላ።

«ጋዙ ነዋ። ሲሊንደሩ ጤና የለውም ብዬ ስነግራችሁ ከረምኩ። ማን ይሰማኛል?»

ምራታቸው ጠጋ አለች። እሳቱን አጠፋች። ጎንበስ ብላ የምድጃውን አፍ አየች፤ በጣቷ አንድ ቀይ ነጠብጣብ ነክታ አሸተተችው።

«ሱጎው መቼ የተሠራ ነው?»

«ትናንት። ለልጅቷ ብዬ ሎሚ ጨመቅ አድርጌበታለሁ፤ ኮምጠጥ ሲል ትወዳለች።»

«እዚሁ ድስት ውስጥ አደረ?»

«የት ይደር ታዲያ፣ ሆቴል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ሱጎውን ወደ ሸክላ ሳህን ገለበጠችው።

«ይሄንን ለልጅቷ አንሰጣትም፣ እማማ።»

«ምን አልሽ?»

«አንሰጣትም። እኛም አንበላውም።»

አሁን እማማ መስታወት ደማቸው ፈላ። መጋገሪያው ጥፋታቸው ነው፣ እሺ። ጨረቃን መንካት ግን ሌላ ነገር ነው።

«ስሚ! ባልሽ ያደገው በዚች ድስት ነው። ዛሬ ያንን የሚያህል መኪና የሚያሽከረክረው በዚች ድስት በልቶ ነው። እድሜ ልካችንን በልተንባታል። ማን ሞተ? እስቲ አንድ ሰው ጥሪልኝ!»

«ማንም አልሞተም።»

«እኮ!»

«አለመሞት ብቻ ነው እንዴ የምንፈልገው?»

ሰው ለረጅም ጊዜ የኖረበትን ነገር ሲጠይቁበት፣ ኑሮውን በሙሉ የጠየቁበት ይመስለዋል። እማማ መስታወትም ያን ጊዜ የሰሙት ስለ ድስት የተነገረ ቃል አልነበረም፤ «ስትመግቢን የኖርሽው ክፉ ነው» የተባሉ ያህል ነው የተሰማቸው። 

ምራታቸው ጨረቃን በለስላሳ ስፖንጅና በሳሙና አጠበቻት፤ በፎጣ አደረቀቻት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ወስዳ ታቿን ወደ ፀሐይ፣ አፏን ወደ ቤት አድርጋ ያዘቻት።

«ይምጡ። ይግቡና ይዩ።»

«የት ነው የምገባው?»

«ጭንቅላትዎን ድስቱ ውስጥ ያስገቡ።»

«አበድሽ እንዴ፣ አንቺ ልጅ?»

«ለኔ ብለው፣ እማማ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

እየተነጫነጩ ጠጋ አሉ። ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ጭንቅላታቸውን አስገቡ። መጀመሪያ ጨለማ ነበር፤ የገዛ ትንፋሻቸው ተመልሶ ፊታቸውን ሞቅ አደረገው። ከዚያ ዓይናቸው ለመደና አዩት። ከጨረቃ ታች፣ መሃል ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ብርሃን ነበር። ከጎኑ ሌላ። ከዚያ ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ፤ እየደቀቁ እየበዙ ሽቦው ሲዞር በኖረበት ክብ ላይ ተዘርተው ያብለጨልጫሉ። ጨረቃ ያልወጣችበት ሰማይ ይመስላል።

ሕፃኗ ከየት መጣች ሳትባል እግራቸው ሥር ተሹለክልካ፣ በእናቷ ክንድ ሥር አንጋጣ አየች።

«ኮከብ!» አለች።

እማማ መስታወት ጭንቅላታቸውን አወጡ። 

«ምንድን ነው?»

«ቀዳዳ ነው።»

«ታዲያ ለምን አያፈስም?»

«ምግቡ ደርቆ ይደፍነዋል። ሲሞቅ ግን ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። እሳቱን ሲያሾከሹከው የከረመው እሱ ነው፤ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው።»

አሮጊቷ ድስቷን ተቀበሏት። በአንድ እጃቸው ያዟት፤ ከዚያ እጀታዋን በሌባ ጣታቸው ብቻ አንጠለጠሏት። አልከበዳቸውም።

«ስገዛት በሁለት እጄ ነበር የማነሣት» አሉ ቀስ ብለው። «በኋላ በአንድ እጄ ሆነ። አሁን በጣት። እኔ እየበረታሁ የሄድኩ መስሎኝ!»

ሳቅ ጀመራቸውና መሃል ላይ ቀረ።

«የቀረው ድስት የት ሄደ?»

«አብዛኛው በሽቦና በአሸዋ ተፍቆ በቦዩ ሄዷል።»

«የቀረውስ?»

ምራታቸው ዓይኗን ወደ ሕፃኗ መለሰች።

«የቀረውስ አልኩሽ!»

«በልተነዋል፣ እማማ። የሚኮመጥጥ ነገር፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ጨው የበዛበት ነገር ሲያድርበት አልሙኒየሙን ያሟሟዋል። አልሙኒየም ከፋብሪካ በወጉ የተሠራ ሲሆን፣ ካልፈተጉትና ኮምጣጣ ካላሳደሩበት ያን ያህል አያስፈራም። ይቺን ግን ከየት ነው የገዟት?»

«ከአንድ ድስት አቅላጭ። ዓይኔ እያየ ነው የሠራት!» ይህን ያሉት ለመከላከል ነበር። ግን ሲናገሩ ነገሩ መልሶ ታያቸው፤ ድምፃቸውም እየወረደ ሄደ። «የመኪና ሞተር ስብርባሪ ጨመረ። የመስኮት ፍሬም። የተቀጠቀጠ ቆርቆሮ። አንድ ግራጫ፣ ከባድ ነገርም ነበር… ከባትሪ ያወጣው መሰለኝ። እሱንም ጣል አደረገበት። 'ያጠነክረዋል፣ እመቤት' አለኝ። እኔም አመሰገንኩት።»

አሁን የደነገጠችው ምራቲቱ ነበረች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን ሆንሽ? ተናገሪ እንጂ!»

«የባትሪ ብረት እርሳስ ነው። እርሳስ መርዝ ነው፣ እማማ። ሽታ የለውም፤ ጣዕም የለውም፤ ምግቡን አያበላሽም። ሕፃንን ግን የሚጎዳው አእምሮውን ነው።»

«እዚች ውስጥ አለ ማለትሽ ነው?»

«አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። የሠራትም ሰው አያውቅም። የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው፤ ማንም የማያውቀው ድስት ውስጥ ነው ለልጄ የምንቀቅልላት። ነገ ደሟን አስመረምራለሁ።»

ድንጋጤ ሲያልፍ ተከትሎት የሚመጣው ቁጣ ነው፤ ቁጣ ደግሞ የቅርቡን ሰው ነው የሚይዘው። እማማ መስታወት ጨረቃን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጓትና ወደ ታችኛው ቁምሳጥን ጎንበስ አሉ። አንድ ከባድ የብረት መጥበሻ ጎትተው አወጡ። ውስጡ ውሃ አለ፤ ውሃው ሻይ መስሏል።

«አንቺ የተማርሽው! ይሄስ የማን ትምህርት ነው?»

«እንዴ! … ዘፍዝፌው ነበር። ረሳሁት።»

«ብረት ይዘፈዘፋል? ካልሲ ነው? ይኸው ዝገት በዝገት ሆኖልሽ! እኔ ያንቺን ዕቃ ጨረስኩ፤ አንቺ ደግሞ ይሄን አንድ ጥሩ ዕቃ አጥበሽ ገደልሽው።»

«ልክ ነዎት።»

«ነኝ እንጂ! ብረት ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፤ ዘይት በስሱ ይታሻል፤ ጥቂት እሳት ላይ ይቀመጣል። እየዋለ እያደረ ይጠቁራል። አንዴ ከጠቆረ እንቁላል ቢሰብሩበት አይዘውም፤ እንደ በረዶ ነው የሚያንሸራትተው። ያን ጥቁር አይነኩትም! የናቴ መጥበሻ እኮ…»

ቆሙ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ሕፃኗ ጠረጴዛው ሥር ሆና «ኮከብ፣ ኮከብ» ትላለች። 

«የናትዎ መጥበሻ ምን ሆነ?»

እማማ መስታወት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጥቁር ነበረች» አሉ። «ስዳር እናቴ የሰጠችኝ እሷን ነበር። 'ከኔም እናት የመጣች ናት፤ በሽቦ እንዳትነኪያት' ብላኛለች። አማቴ ገና ሲያዩዋት 'ይህን ጥቀርሻ ይዘሽ ቤቴ አትገቢም' አሉኝ። አሸዋ ሰጡኝ። 'እናቴ አትንኪ ብላኛለች' ማለት አቅቶኝ ፈተግኳት። እያለቀስኩ ነበር የምፈትጋት። ጥርሳቸው ታያቸው፤ ደስ አላቸው። ብዙም ሳትቆይ ዛገች። አንድ ቀን ፈልጌ አጣኋት፤ ጥለዋታል።»

እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩት። ጥፍራቸው ሥር ከመጋገሪያዎቹ የተፋቀው ጥቁር ገብቶበታል።

«አንቺን አንድ ቀን 'መልሺው' ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም፣ እማማ።»

«አፌ አላለም። እጄ ግን ሲል ኖሯል።»

ምራታቸው አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው «አይዞዎት» ይላል። እሷ አላለችም። ይልቅ እንዲህ አለች፦

«እኔም አጥፍቻለሁ። ዕቃዎቹን ገዝቼ ስገባ 'ይሄ በሽቦ አይነካም' ብል ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ነበረች። 'አይገባቸውም' ብዬ ተውኩት። ንቄዎት ነው።»

«ንቀሽኛል፤» አሉ እማማ መስታወት፣ ሻሻቸውን እያጠበቁ። «እኔ ደግሞ አላመንኩሽም፤ ያጠብሽውን መልሼ ሳጥብ ኖሬያለሁ። ተካክሰናል። በይ አሁን አስተምሪኝ። ግን የትምህርት ቤት ቃል አታብዢብኝ፤ ራሴን ያመኛል።»

«ሽፋን ያለውን ዕቃ ሽቦ፣ አሸዋ፣ ቢላ አይነካውም። በለስላሳ ስፖንጅ፣ በሳሙና፣ በለብታ ውሃ ነው።»

«ቢላ አይነካውም አልሽ? ባለፈው መጋገሪያው ውስጥ ኬክ በቢላ ስትቆርጪ ያየኋት ሴት ማን ናት?»

ምራታቸው ጆሮዋ ቀላ። «… ቸኩዬ ነበር።»

«ቀጥይ፤ እያዳመጥኩሽ ነው።»

«ማማሰያው የእንጨት ይሁን። ባዶውን እሳት ላይ ጥለነው አንሂድ፤ ከልክ በላይ ሲግል ሽፋኑ ይጨሳል፣ ጭሱ ክፉ ነው። ሽፋኑ እየተላጠ የሄደውን ደግሞ አናስታምመው፣ ይጣል።»

«አንቺ ያንን ሁሉ መጋገሪያ ልትጥይ ነው?»

«ከነዚህማ ጥቁሩ ጨርሶ አልለቀቀም፤ ቅርፊቱ ሊጥ ውስጥ ይገባል። ሌላ እስክገዛ ሽፋን በሌለው ትሪ ላይ ወረቀት አንጥፌ እጋግራለሁ።»

«ምግብስ የት ይደር?»

«በሸክላ ሳህን ወይ በጠርሙስ ዕቃ። ድስት ማብሰያ ነው፤ ማሳደሪያ አይደለም።»

«እና ሆቴሉ ተገኘ በይኛ!»

አሁን ሁለቱም ሳቁ። ከጠዋቱ ጀምሮ የቆየው ነገር ትንሽ ላላ አለ። ቢሆንም እማማ መስታወት አንድ ጥርጣሬ ቀርቷቸዋል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወጡት።

«ጎረቤት መጥቶ የጠቆረ ዕቃ ሲያይስ? ስሜ እኮ መስታወት ነው።»

«እማማ፣ የሚያበራ ነገር ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ጨረቃ ታበራ ነበር። በጣትዎ ሲዳስሱት ቅባት ካልያዘ፣ ሲያሸቱት የትናንት ምግብ ካልሸተተ፣ ያ ዕቃ ንጹሕ ነው፤ ጥቁርም ይሁን ነጭ።»

አሮጊቷ የጨረቃን ታች በጣታቸው ዳሰሱ።

«እንግዲህ ጥርሴን በመስታወት አያለሁ» አሉ።

የሕፃኗ ደም ተመርምሮ ደህና መሆኑ እስኪነገራቸው ድረስ እማማ መስታወት እህል በአግባቡ አልዋጡም። ውጤቱ የመጣ ዕለት ከሐኪም ቤቱ በቀጥታ ወደ ዕቃ ሱቅ ሄዱ፤ ሁለቱም፣ ሕፃኗም። ባለሱቁ እንደ ልማዱ የሚያብለጨልጭና እንደ ወረቀት የቀለለ ድስት አወረደላቸው።

«ይሄ ፊትዎን ያሳይዎታል፣ እናቴ!»

«ፊቴን አውቀዋለሁ። ታቹን አሳየኝ።»

ምራታቸው ከኋላ ሆና ሳቋን ዋጠች። እማማ መስታወት ግን ሥራ ላይ ናቸው። ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በሁለት ጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት፤ ተወዛወዘ። «ይሄ ታቹ ጎብጧል፤ እሳቱን መሃሉ ብቻ ይበላዋል። መልሰው።» ሌላውን እጀታውን ይዘው ነቀነቁት፤ ላላ አለ። «ይሄ ከነሱጎው እግሬ ላይ ነው የሚወድቀው። መልሰው።» በምን እንደተሠራ፣ የት እንደተሠራ ጠየቁ፤ ባለሱቁ ሲንተባተብ ያንንም አስመለሱት። በመጨረሻ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ታቹ ወፍራምና ዝርግ፣ ክዳኑ ጥርቅም የሚል፣ ፋብሪካው በላዩ የታተመበት አንድ ድስት መረጡ። በሁለት እጃቸው አነሡት። ከበዳቸው። ደስ አላቸው።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ብዙ ነገር ተለወጠ። ወፍራሙ ድስት ሙቀቱን እኩል ስለሚያዳርስ ምግቡ ከታች አይይዝም፤ ካልያዘ ደግሞ የሚፈተግ ነገር የለም። ጋዙ ቶሎ አያልቅም፤ እሳቱም አያሾከሹክም። የእማማ መስታወት የቀኝ ክንድ፣ ሲያማርሩበት የኖሩት፣ ሌት ሌት መጠዝጠዙን ተወ። ሕፃኗ ሱጎዋን ከሸክላ ሳህን ትበላለች፤ ኮምጠጥ እንዳለ። ጎረቤት መጥቶ ምራታቸው በምትክ የገዛችውን ጥቁር መጋገሪያ ሲያይ እሳቸው ቀድመው፣ «ይሄ ጥቀርሻ አይደለም፤ ፋብሪካ አውቆ የለበጠው ነው» ብለው ያስረዱታል፤ ከዚያ የሱን ድስት አስመጥተው በፀሐይ ያዩለታል። ከጎረቤቱ ድስቶች ኮከብ ያልወጣባቸው ጥቂቶች ናቸው። የጨረቃ ቀዳዳዎች ደግሞ ውሃ ለማንጠፍጠፍ ተመቹ፤ አፈር ሞልተው ደጃፉ ላይ አበባ ተከሉባት። ናና ሊተክሉ ነበር፤ ምራታቸው «የሚበላ ነገር አይሁን፣ እማማ» ስትላቸው ደንገጥ ብለው መለሱት።

ኦቨኑ ጥጉን አልለቀቀም። ስለ ጓደኛዋ ትርፍ ክፍል ማንም መልሶ አላነሣም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ምራታቸው ኬክ ከኦቨኑ ስታወጣ፣ እማማ መስታወት ቧንቧው ዘንድ የዛገውን የብረት መጥበሻ በጉልበታቸው መሃል ይዘው ተቀምጠዋል። ሽቦው እጃቸው ላይ ነው። ዝገት በሽቦ እንደሚነሣ ሁለቱም ተስማምተዋል። ቡናማው ውሃ ወደ ቦዩ ወረደ፤ ከሥሩ ግራጫው ብረት ወጣ። እዚያ ሲደርሱ እጃቸው እንደ ለመደው አንድ ዙር ጨምሮ ሊዞር ቃጣው። ያዙት። ሽቦውን ጣሉት።

መጥበሻውን በፎጣ አደረቁት። ወጥ ቤት ገብተው በጨርቅ ዘይት አሹት፤ እሳት ላይ አስቀመጡት፤ ጢሱ ብን ብን ሲል መስኮቱን ከፈቱ። አወረዱት፤ ደግመው አሹት፤ መልሰው ጣዱት። እየቆየ መሃሉ ጠየመ፤ ከዚያ ጠቆረ።

ሲቀዘቅዝ አንሥተው ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ከንፈራቸውን ገለጥ አደረጉ። ምንም አልታያቸውም።

«እንዴት ነው፣ እማማ?» አለች ምራታቸው።

«ይበቃዋል» አሉ፤ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፉበትና መደርደሪያው ላይ፣ ከእሷ መጋገሪያ ጎን፣ አስቀመጡት።